ከትርፉ በፊት መውጫውን ጠይቂ

የጠያቂዋ ደብዳቤ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ አጋሮ ይኖራሉ። ከተማ ውስጥ የሁለት ቤት ልጆች እያስጠናሁ በወር 2,500 ብር አገኛለሁ። ከዚህም፣ ካፌ መመገብ ትቼ በእጄ ከምቀበለው የምግብ ገንዘብም እየቆጠብኩ 24,000 ብር አጠራቅሜያለሁ። ባንክ ተቀምጦ ዋጋ እያጣ ስለሆነ ኢንቨስት ማድረግ መማር እፈልጋለሁ። የዶርም ጓደኛዬ በስልክ የሚሠራና በየቀኑ 3 በመቶ የሚከፍል ሥራ ላይ ግቢ ትለኛለች፤ እሷ እያወጣች ነው። ወንድሜ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ገዝተን ክረምት ላይ እንሽጥ ይላል። እናቴ ደግሞ ወርቅ ግዢ፣ ካልሆነም ዕቁብ ግቢ ትላለች። እኔን የሚስበኝ አክሲዮን ነው፤ የቴሌኮሙ ሽያጭ ሲካሄድ ግን ገንዘብ ስላልነበረኝ አለፈኝ። ሙስሊም ስለሆንኩ ወለድ አልፈልግም። 24,000 ብር በወር ስንት ሊያስገኝልኝ ይችላል? እናቴ ትንሽ እንዳለኝ ብታውቅም ስንት እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ልንገራት?»

መልስ፦

140 ብር። በወር ስንት ያስገኝልኛል ላልሽው መልሱ ይህ ነው፤ ያውም ወለድ የምትቀበይ ብትሆኚ። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። በ7 በመቶ ስናሰላው 24,000 ብር በዓመት 1,680 ብር ያመጣል፤ ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል 140 ነው። ግብሩን ገና አልቀነስኩልሽም። ልጆች አስጠንተሽ በአንድ ወር የምታገኚው ከዚህ ከዓመቱ ወለድ ይበልጣል። ቀንቶሽ እጥፉን፣ 14 በመቶ የሚከፍል ነገር ብታገኚ እንኳ በወር 280 ብር ነው። ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው፣ በ24,000 ብር ኑሮ የሚቀይር ነገር ሲቀርብለት ቶሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ ደብዳቤዬን ማንበብ ከመቀጠልሽ በፊት ሒሳቡን አንቺም ሥሪው።

ገንዘቤ ዋጋ እያጣ ነው ያልሽው እውነት ነው። ለምሳሌ ያህል የዕቃ ዋጋ በዓመት 14 በመቶ ጨመረ እንበል። ዛሬ በ24,000 ብር የምትገዢው ዕቃ በዓመቱ 27,360 ብር ይጠይቅሻል። ከነወለዱ በእጅሽ ያለው 25,680 ነው። የጎደለው 1,680 ብር ነው፤ ባንኩ የሰጠሽን ያህል ገበያው ወስዶብሻል ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደሆነው የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ ጉድለቱ ምን ያህል እንደሚሆን አስቢው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰንም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ነገሩ ለጅማ ሰው አዲስ አይደለም። በጥንቱ የሂርማታ ገበያ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲዘዋወር፣ ሀብቱን በአሞሌ ያስቀመጠ ሰው በዚህ አገር ዝናብ ምን እንደሚገጥመው አንቺም ገምቺ። ገንዘብ የሚቀመጥበት ነገር ሁልጊዜም የራሱ ጠላት አለው።

ስለዚህ ስጋትሽ ተገቢ ነው። የሰጋ ሰው ግን የሚታየው መግቢያው ብቻ ነው። ባንክ ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስንት በመቶ እንደሚከፈል ነበር። «ገንዘቤን ከጊዜው በፊት ብፈልገውስ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አልነበረም። እኔ የማስተምርሽ ነገር ቢኖር ይህችን ጥያቄ ነው፤ የቀረቡልሽን ምርጫዎች ሁሉ በእሷ እንያቸው። ልውጣ ብል ማን ይገዛኛል? በስንት ቀን? ስንት ተቀንሶብኝ?

ከዶርም ጓደኛሽ እንጀምር፤ እሱ በቶሎ ያልቃል። በቀን 3 በመቶ ማለት፣ ትርፉን ሳታወጪ ብትተዪው ገንዘብሽ በ24 ቀን ገደማ ይታጠፋል ማለት ነው። 10,000 ብር አስገብተሽ ዓመት ብትጠብቂ ከ480 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ይህን የሚከፍል ንግድ በጅማም ሆነ በዓለም ላይ የለም። ቢኖር ኖሮ ባለቤቱ የተማሪ 10,000 ብር ለምን ፈለገ? የሚከፈለው ገንዘብ ከኋላ ከሚገቡት ሰዎች ነው፤ ለዚህም ነው ሰው ጋብዙ የሚሉት። በአገራችንም እንዲህ ያለው በሰው ላይ ሰው እየጨመሩ የሚሠራ የፒራሚድ ሽያጭ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተከልክሏል።

«እሷ እያወጣች ነው» ያልሽው ደግሞ የዘዴው ዋና ክፍል ነው። ትንሽ ትንሹን ማውጣት ይፈቀዳል፤ ምክንያቱም ያወጣች ተማሪ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ታሳምናለች። ጓደኛሽን አትከራከሪያት፤ አንድ ነገር ብቻ ለምኛት፦ ያስገባችውን ዋናውን ገንዘብ በሙሉ ዛሬ ታውጣ። «መጀመሪያ ግብር ክፈይ»፣ «ደረጃሽን ከፍ አድርጊ»፣ «ሥርዓቱ እየተስተካከለ ስለሆነ ጠብቂ» ከተባለች መልሱን አገኘሽ። ካወጣች ደግሞ ገንዘቧ ተረፈላት፤ በየትኛውም በኩል ውለታ ዋልሽላት።

የወንድምሽ ሐሳብ ግን በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም፤ እኔም ወድጄዋለሁ። አጋሮ ያደገች ልጅ ስለ ኒው ዮርክ ገበያ ከማወቋ በፊት እሸት ቡና መቼ እንደሚለቀም፣ አልጋ ላይ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ ደህናው ጀንፈል ሲጨበጥ ምን ድምፅ እንደሚሰጥ ታውቃለች። የሚያውቁት ነገር ላይ ገንዘብ ማዋል አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚዋሽሽን ሰው ትለዪዋለሽ። በመኸር ወራት ሁሉም ገበሬ የልቃሚ መክፈያና የቤት ወጪ ስለሚያስፈልገው አንድ ላይ ይሸጣል፤ ዋጋው ይወርዳል። መጠበቅ የቻለ ሰው የተሻለ ያገኛል የሚለው ሐሳብ መሠረት አለው። ጀንፈልም ከነገለባው ስለሚቀመጥ ከተፈለፈለ ቡና ይልቅ ሳይበላሽ ይቆያል።

አሁን መውጫውን እንይ። የቡናን ዋጋ የሚቆርጠው ክረምት መግባቱ ብቻ አይደለም። ብራዚል ውርጭ ወይም ድርቅ ሲመታት ዋጋው ይሰቀላል፤ እዚያ ደህና ምርት ሲኖር ይወርዳል፤ የዶላር ምንዛሪም ይገባበታል። በየካቲት 2017 የአረቢካ ቡና በኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። በ1994 ዓመተ ምሕረት አካባቢ ደግሞ ከግማሽ ዶላር በታች ወርዶ፣ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ነበር፤ ወላጆችሽን ጠይቂያቸው፣ አይረሱትም። ክረምት ሲደርስ ዋጋው ከኅዳር በታች ቢሆን ወንድምሽ ምን ያደርጋል? ይሸጣል? ወይስ «ትንሽ እንጠብቅ» ይላል? የእሱ ትንሽ ጥበቃ ያንቺን የትምህርት ዓመት ሊበላው ይችላል። ደግሞ ያልደረቀ ጀንፈል በጅማ ክረምት ይሻግታል፤ ማድቤት አጠገብ የተቀመጠ ደግሞ የጭስ ሽታ ይጠጣል።

አንድ ነገር በተለይ አጣሪ። የቤተሰብሽን ማሳ ቡና አቆይቶ መሸጥ አንድ ነገር ነው፤ ከጎረቤት እየሰበሰቡ ገዝቶ መነገድ ግን የንግድ ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ነገር ነው። ወንድምሽ ፈቃድ ከሌለው ገንዘብሽን ለመግዣ አትስጪው። በገዛ ማሳችሁ ያለውን ቡና ለማስለቀምና አድርቆ ለማቆየት ግን ልትተባበሩ ትችላላችሁ። ይህንንም በቃል አታድርጉት። «የወንድሜን እጅ በወረቀት ልሰር?» ትዪ ይሆናል። አዎ፣ እሰሪው፤ ወንድምና እህት የሚኮራረፉት ያልተጻፈው ላይ ነው። ስንት እንደሰጠሽ፣ ትርፉ በምን ያህል እጅ እንደሚካፈል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋጋው ምንም ይሁን ምን እስከ የትኛው ቀን ድረስ ተሽጦ ገንዘቡ እንደሚከፋፈል ጻፉ። በእስልምና ሙዳረባ የሚባለው ስምምነት ለዚህ ይመቻል፦ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበት ያቀርባል፤ ትርፉ በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላል፤ ኪሳራ ከመጣ ገንዘቡን ያጣው ባለገንዘቡ ነው፣ ሠራተኛው ድካሙን ያጣል። «10 በመቶ በእርግጠኝነት እከፍልሻለሁ» ካለሽ ግን ያ ወለድ እንጂ ሽርክና አይደለም፤ ዝርዝሩን የምታምኛቸውን ሼኽ ጠይቂ።

እናትሽ ያሉት ወርቅ፣ ጌጥ ከሆነ፣ ስትገዪ የእጅ ሥራ ትከፍያለሽ፤ ስትሸጪ የሚመዘንልሽ ግራሙ ብቻ ነው። ለረጅም ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ይችለዋል፤ ሲመረቅ ገንዘብ የሚያስፈልገው ተማሪ ግን ይጎዳበታል። ዶርም ውስጥ ወርቅ ማስቀመጥን አልነግርሽም። ዕቁቡን ግን አትናቂው። ወለድ የለበትም፤ የራስሽን እጅም ይይዝልሻል። መውጫው ዕጣ ነው። ዋጋ በሚጨምርበት ጊዜ ቀድሞ የወጣለት ሰው ይጠቀማል፤ መጨረሻ የሚደርሰው ለሌሎቹ ያለ ትርፍ ሲያበድር ከረመ ማለት ነው። ዋስ የማይጠየቅበት ዕቁብ ውስጥ አትግቢ። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው በመሐል ቢጠፋ ማንን ትጠይቂያለሽ?

አሁን ወደሚስብሽ እንምጣ። «አለፈኝ» ያልሽው የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ጥቅምት 2017 ላይ የተጀመረ ነበር፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ውስጥ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ገዢዎቹ ከ47 ሺህ በላይ ነበሩ። ሰው ተጋፍቶበት ያለቀ ነገር አልነበረም ማለት ነው፤ ስለዚህ ባቡሩ ጥሎኝ ሄደ ብለሽ አትብከንከኚ። ሽያጩ በተዘጋ ማግስት አንድ ገዢ ልሽጥ ቢል፣ አክሲዮን ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ገበያ ገና ዳዴ የሚል ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተመረቀው በጥር 2017 ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ኩባንያም ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያ በፊት የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው ለመሸጥ ሲፈልግ ዘመድ አዝማድ ይጠይቅ፣ በደላላ ያፈላልግ፣ ዝውውሩን ለማስመዝገብ ወደ ባንኩ ይመላለስ ነበር።

ገበያ ተከፈተ ማለት ሁልጊዜ ገዢ አለ ማለት አይደለም። በወጣት ገበያ የተመዘገበው ኩባንያም የሚገበያየው ሰውም ጥቂት ነው። የምትሸጪበት ዋጋ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ቢታይም በዚያ ቀን፣ በዚያ ዋጋ የሚገዛሽ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አክሲዮን ላይ የምታውዪው ገንዘብ ቢያንስ ተመርቀሽ ሥራ እስክትይዢ ድረስ የማትነኪው መሆን አለበት። የሚሸጥልሽንም ሰው ማንነት አጣሪ። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፤ በዚህ ገበያ የሚያገበያይና የሚያማክር ሁሉ ፈቃድ ማውጣት አለበት። በቴሌግራም «የአክሲዮን ባለሙያ ነኝ» ያለሽ ሰው ከዚያ ፈቃድ ከሌለው ባለሙያነቱን ለራሱ ያቆየው።

የትርፍ ድርሻን በተመለከተ አንድ ሒሳብ ላሳይሽ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ባንክ «ዘንድሮ 20 በመቶ የትርፍ ድርሻ ከፈልን» ሲል መቶኛው የሚሰላው አክሲዮኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ነው። የተጻፈው 1,000 ብር ከሆነ ድርሻሽ 200 ብር ነው። አንቺ ግን አክሲዮኑን የገዛሽው 300 ብር ጨምረሽ በ1,300 ከሆነ፣ ያገኘሽው 20 በመቶ ሳይሆን 15.4 በመቶ ገደማ ነው። በዓመቱ አጋማሽ ከገዛሽ ደግሞ ለቆየሽበት ጊዜ ብቻ ሊታሰብልሽ ይችላል። ይህን ማስላት ከቻልሽ፣ አክሲዮን ይዘው ለዓመታት ከኖሩ ብዙ ሰዎች ትሻያለሽ።

ወለድ አልፈልግም ማለትሽም እዚህ ይመጣል። በወለድ የሚሠራ ባንክ በአክሲዮንሽ ሲከፍልሽ የሚከፍለው በአብዛኛው ከዚያው ከወለድ ገቢ ነው፤ «የትርፍ ድርሻ» መባሉ ምንጩን አይቀይረውም። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው የተቋቋሙ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ኑር በሚል ስም ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይሰጣል። መደበኛ የቁጠባ ሒሳብ ከሆነ የከፈትሽው፣ ሳታውቂው ወለድ እየተጨመረልሽ ነው። ነገ ሄደሽ ወደ ከወለድ ነፃ ሒሳብ አዙሪልኝ በያቸው፤ የቀን ሥራ እንኳ አይፈጅም።

እንግዲህ ገንዘብሽን እኔ ብካፍለው እንዲህ አደርገዋለሁ። 12,000 ብሩ አይነካም። ስትታመሚ፣ ስልክሽ ሲሰበር፣ ከተማሪዎችሽ የአንዱ ቤተሰብ ከተማ ቢለቅ የምትኖሪው በእሱ ነው። ስልክሽ ላይ ካለው ሒሳብ ለይተሽ አስቀምጪው፤ ማታ ዶርም ተኝቶ በጣት የሚላክ ገንዘብ አይቆይም። 6,000 ብሩን፣ ወረቀቱ ከተጻፈና መሸጫ ቀኑ ከተቆረጠ፣ ከወንድምሽ ጋር ሞክሪበት። ቢጠፋ ታዝኛለሽ እንጂ ትምህርትሽን አታቋርጪም፤ መጠኑን የመረጥኩትም ለዚህ ነው። የቀረውን 6,000 ለአክሲዮን ብለሽ ያዢው፤ አሁን ግን አትግዢበት። ከማስጠናቱ በወር 500 ብር ብትጨምሪበት በዓመቱ 12,000 ይሆናል፤ የቴሌኮሙን ዓይነት ትንሹን ግዢ የሚችል ገንዘብ ነው።

ዓመቱን በንባብ አሳልፊው። ባንኮች የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ጠቅላላ ጉባኤያቸውን የሚያካሂዱት አብዛኛውን ጊዜ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ያኔ የዓመት ሪፖርታቸውን ያወጣሉ። ወለድ ከማይነካቸው ሁለቱን መርጠሽ የሦስት ዓመት ሪፖርታቸውን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ትርፉ አደገ? የአክሲዮኑ ቁጥርስ? ትርፉ በእጥፍ አድጎ አክሲዮኑ በሦስት እጥፍ ከበዛ የአንቺ ድርሻ ቀንሷል። ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያሳድጉ በ2013 ስለታዘዙ ብዙ አዲስ አክሲዮን ሸጠዋል፤ ስለዚህ ይህን ማየት የግድ ነው። የማይገባሽን የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ልጆችን ጠይቂ፤ ፈተና ሲደርስ የመድኃኒት ስም በማስጠናት ብድርሽን ትመልሻለሽ። አዲስ አክሲዮን ለሕዝብ ሲቀርብም ደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባል ሰነድ ይወጣል። አሰልቺ ነው። ስለ ሥጋት የሚያወራውን ክፍል ግን ዘለሽ አትለፊ፤ ኩባንያው በማስታወቂያው የማይናገረውን እዚያ ጽፎት ታገኚዋለሽ። በዓመቱ መጨረሻ «ይህን አልገዛም» የምትይበት ምክንያት ካለሽ፣ ያ ለእኔ ከመግዛትሽ ይበልጥብኛል።

ለማስጠናት የምታስከፍዪውንም ከፍ አድርጊ። ዋጋሽን የተመንሽው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ የጤፍ ዋጋ የት ደርሷል? ከአንድ ቤት 300 ብር ብታስጨምሪ፣ በመልሴ መጀመሪያ ካሰላሁልሽ ወርኃዊ ወለድ ከእጥፍ በላይ ነው፤ የሚጠይቅሽም አንድ ጊዜ ደፍሮ መናገር ብቻ ነው።

ለእናትሽ ንገሪያቸው። የባንክ ደብተርሽና ከወንድምሽ ጋር የተፈራረማችሁት ወረቀት የት እንዳለ ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው መኖር አለበት፤ ከእሳቸው የተሻለ ሰው አይታየኝም። የወረቀቱን አንድ ቅጂ ደግሞ እሳቸው ዘንድ አስቀምጪው፤ መሸጫው ቀን ሲደርስ ወንድምሽን የሚያስታውሱት እሳቸው ይሆናሉ። ወርቅ ለምን አልገዛሽም ብለው መቆጣታቸው አይቀርም፤ እሱን ቻዪው።